የኪራይ ወንድም

የዕለቱን የክብር እንግዳ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሜ «ስንት ከፍላህ ነው የመጣኸው?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይህን ስህተት ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ዕድሜ ልኬን የምስቀው ሳቅ ይሆነኝ ነበር። የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ግን ሳቁ ለባለቤቴ ደረሳት። እስከ ዛሬ ድረስ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠጋ ትልና በጆሮዬ «ደሞ ስንት ተከፍሎህ ነው እንዳትለው» ትለኛለች።

ጠዋቱ ራሱ ያሳስት ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግንቦት ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ሲያድር ሐይቁ ጭጋጉን ወደ ከተማው ለቆታል። የታቦር ተራራ ግማሹ የለም። ባጃጆቹ መጀመሪያ ድምፃቸው፣ ቀጥሎ መብራታቸው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ይመጣሉ። እንዲህ ባለው ጠዋት ሀዋሳ መሬት ላይ የቆመች ከተማ አትመስለኝም፤ ውኃው ላይ ተንሳፍፋ ሌሊቱን ትንሽ ፈቀቅ ብላ ያደረች ትመስለኛለች። ሰዉም ከእንቅልፉ ቢነሳም ሕልሙን ገና አላወለቀም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ዩኒት ሊደር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ የማያስተምር ግን ከሁሉም በላይ የሚጮህ መምህር ማለት ነው። ፊሽካ አለው፤ መዝገብ አለው፤ በር አለው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ የእኔ ነው። ስሙን በአርፋጆች መዝገብ እጽፋለሁ፣ ግቢ ውስጥ ወረቀት አስለቅመዋለሁ፣ ሲደጋግም ደግሞ «ወላጅ ይዘህ ና» እለዋለሁ።

ወላጅ ይዞ መምጣት ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። እውነተኛ አባቱን ያመጣ ልጅ ማታ ቤቱ ሁለተኛ ቅጣት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከመንገድ ላይ አንድ ደህና ኮት የለበሰ ሰው ይለምናል፤ ወይም ሻይ ይጋብዝና «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞት ይመጣል። የኪራይ ወላጅ እንላቸዋለን። በአንድ ዓመት ለሦስት ልጆች አባት ሆኖ የመጣ ሰው አይቻለሁ፤ በሦስተኛው «እንደምን አደሩ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብዬ ተቀበልኩት። አንዱ ሎተሪ አዟሪ ደግሞ «ልጄን አደራ» እያለ እንባውን ሲያፈስ ሁለት ትኬት ገዛሁለት። አባትየውም ሐሰት፣ ሎተሪውም ሐሰት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም አያታልለኝም ብዬ ነበር የምኖረው።

በዚያ ዓመት መዝገቤን የሞላችው አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከከተማው ጫፍ፣ ከቱላ በኩል ነው የምትመጣው። ቀጭን ናት፤ የላስቲክ ጫማዋ ከጭቃ ተለይቶ አያውቅም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ይሁን ተፈጥሮዋ፣ ቃል አታባክንም።

«ለምን አረፈድሽ?»

«አረፈድኩ፣ ቲቸር።»

አለቀ። ሌላው ልጅ እኮ ጎማ ፈነዳ ይላል፣ አክስቴ ሞተች ይላል። ባጃጅ ሰባት ጊዜ የተገለበጠበት ልጅ አውቃለሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ወረቀቷን ትለቅማለች፣ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ይህ ዝምታዋ ያናድደኝ ነበር። ሰው ሲዋሸኝ ቢያንስ አክብሮኝ ነው፤ ደክሞልኛል።

በትምህርት ቤታችን ሕግ ሠላሳ ጊዜ ያረፈደ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ስልሳ ሲሞላ ይሰረዛል። እሷ ስልሳ አንድ ላይ ደርሳለች። የስረዛውን ደብዳቤ በራሴ እጅ ጽፌ በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤው ከዋልኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር፤ የቀረው የርዕሰ መምህሯ ፊርማ ብቻ ነው። ከተፈረመ ልጅቷ አገር አቀፉን ፈተና አትቀመጥም። የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በአንድ ገጽ ያልቃል። በዋዜማው በሩ ላይ አቁሜ፣ «ነገ ወላጅ ይዘሽ ካልመጣሽ ደብዳቤው ይፈረማል» አልኳት። «እሺ፣ ቲቸር» አለችኝ። እንደ ልማዷ።

ማግስቱ የወላጆች ቀን ነበር። ከየክፍሉ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡ ይሸለማሉ። ሽልማቱን የሚሰጠው የትምህርት ቤቱ የድሮ ተማሪ፣ አሁን እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው። እኔ ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመዛወሬ በፊት የተማረ ስለሆነ መልኩን አላውቀውም። የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነው፦ መኪናው ሲመጣ በሩን ክፈት። እኔም መኪና ስጠብቅ ለመኪና ካልሆነ አልከፍትም ብዬ በሩን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ልጅቷ ቆማለች። ከጎኗ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ግማሹ የወጣ የሚመስል አንድ ከሲታ ሰው አለ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ክርኑ የሳሳ ጃኬት የለበሰ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የተፈናጠቀበት። ከኋላቸው አንድ ባጃጅ እያጓራ ዞሮ ሄደ። በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ ቲቸር።»

ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጫማው፣ ጃኬቱ፣ ግራ መጋባቱ፣ ሁሉም ምልክት ተሟልቷል። «አንተ ምኗ ነህ?»

«እኔ እንኳ...»

«እኔ እንኳ አትበለኝ። ይህን ሥራ ስሠራ ጸጉሬ ያለቀ ሰው ነኝ። ስንት ከፍላህ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ባጃጁን የከፈልኩት ራሴ ነኝ።»

«አይ ጉድ! ጭራሽ በራስህ ወጪ? ወንድም ከሆንክ ታዲያ እህትህ ስልሳ አንድ ቀን ስታረፍድ የት ነበርክ?»

ሰውየው የመጣበትን የረሳ መሰለ። «ስልሳ አንድ ቀን?»

«ዛሬን ጨምረህ ስልሳ ሁለት። ወላጅ ካልፈረመላት ዛሬ ትሰረዛለች።»

«ከተሰረዘችስ?»

«ፈተና የለማ!»

ያኔ ወደ ልጅቷ ዞረ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። የጃኬቷን እጀታ ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ ስትጠቀልል አየሁ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ፣ ወንድሟ ነኝ። የት ነው የምፈርመው?» አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። እኔ ደግሞ በሆዴ «ያዝኩህ!» አልኩ። ወንድም ነኝ ያለበት ፍጥነት ራሱ ኪራይ ኪራይ ይሸታል። ቢሆንም ሕጉ ወላጅ ይፈርም ነው የሚለው፤ መታወቂያ ይታይ አይልም። ሁለቱንም ቢሮዬ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኩና መዝገቡን ጭኑ ላይ ጣልኩለት። በዚያ ላይ ስለ ልጅ አስተዳደግ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል መከርኩት። የመከርኩትን አሁን ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል። «ትምህርት ቀልድ አይደለም፤ አንተ ራስህ በወጉ ተምረህ ቢሆን ይህን ታውቅ ነበር» ያልኩት ይመስለኛል።

እሱ ግን ሲሰማኝ አልነበረም። ፈርሞ ሲያበቃ መዝገቡን ወደ ኋላ ይገልጣል፤ ጣቱን በስሟ ላይ እያስኬደ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«ፈርም ተባልክ እንጂ ጋዜጣ ነው እንዴ?»

«ረቡዕና ዓርብ የለችም» አለ።

«የት?»

«እዚህ። ከመስከረም ጀምሮ ያረፈደችው ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ረቡዕና ዓርብ አንድም ቀን አላረፈደችም። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ደግሞ ጭራሽ ስሟ የለም። ከፋሲካ ወዲህ ግን በየቀኑ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም።» ወደ ልጅቷ ዘንበል አለ። «ወተት ነው?»

ልጅቷ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደነግጥ አየኋት። «ወተት ነው» አለች።

የሰፈራችን ሰው ሁሉ በየእምነቱ ይኖራል፤ እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን የምጾም ሰው ነኝ። በጾም ቀን ካፌዎች ብዙ ወተት አይቀበሉም። ሁዳዴ ሲገባማ ይብሳል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ደግሞ ረቡዕም ዓርብም የማይጾምበት ነው፤ ወተት በየቀኑ ይፈለጋል። የእኛ ጾም ለእሷ ዕረፍት፣ የእኛ ፍስክ ለእሷ መከራ ሆኖ ኖሯል። ይህ ሁሉ በራሴ እጅ፣ በራሴ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። መዝገቡን ስጽፈው የኖርኩት እኔ፣ ያነበበው ደግሞ በባጃጅ የመጣ ሰው።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትንሽ ትንሽ እያለች አወራች። እናቷ ወገባቸውን ከታመሙ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ሁለት ላም አሏቸው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ታልባለች፤ ጀሪካኑን ይዛ ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን ባገኘችው ትመጣለች። ሦስት ካፌ ታደርሳለች። ካፌዎቹ ደግሞ ወተቱን ዓይኗ እያየ ሳያፈሉት አይቀበሉም፤ ከተቆራረጠ ጀሪካኑን መልሳ ትሸከማለች። ስለዚህ እስኪፈላ ትጠብቃለች። ሦስት ቦታ።

«መፍላቱ ነው የሚያስረፍደኝ» አለች። «መንገዱ አይደለም።»

«ለመሆኑ የትኞቹ ካፌዎች ናቸው?» አልኳት፣ የሚያገባኝ ይመስል።

«የመጀመሪያው እርስዎ የሚጠጡበት ነው፣ ቲቸር።»

«እኔ የምጠጣበት?»

«በጓሮ በር ነው የምገባው። በወጥ ቤቱ መስኮት አየዎታለሁ። ማኪያቶ ሲጠጡ ጢምዎ ላይ አረፋ ይቀራል።»

የኪራይ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ እጄን ወደ ጢሜ ሰደድኩ። ደርቆ ነበር እንጂ እዚያው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። የፍስክ ቀን ማለዳ ከባለቤቴ ሸሽቼ እዚያ ካፌ እቀመጣለሁ። የልጅቷን ወተት በማኪያቶ እጠጣለሁ፤ ከንፈሬን እየላስኩ መንገዱን እሻገራለሁ፤ በሩን እዘጋባታለሁ። እሷ ሁለት ካፌ ይቀራታል። በጾም ቀን ደግሞ ጥቁር ሻይ እጠጣለሁ፤ እሷም ከእኔ በፊት ሰልፍ ላይ ትቆማለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲጠይቁኝ እየጻፉ ነው። ስመልስ ጽፈው ጨርሰዋል።»

ይኼኔ ርዕሰ መምህሯ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው የፕሮግራሙን ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ! እንግዳው ጠፋ እኮ! ዩኒቨርሲቲው መኪናው ተበላሽቶበት በባጃጅ ሄዷል ይላል፣ ስልኩን አያነ...» አግዳሚው ላይ ያለውን ሰው አየች። «ውይ! እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ሰውየው ተነስቶ ጃኬቱን አስተካከለ። «ወላጅ ተጠርቼ ነው» አለ።

በዚያች ቅጽበት መሬት ብትከፈት ራሴ ደረጃውን ወርጄ እገባ ነበር። ርዕሰ መምህሯ እኔን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ እንግዳዋን ይዛ ሄደች።

ሥነ ሥርዓቱ ተጀመረ። ጭጋጉ ገና ከግቢው ዛፎች ላይ እየተነሳ ነው። ወላጆች በነጠላቸው፣ በጃኬታቸው፣ በጃንጥላቸው ተቀምጠዋል፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ ከሩቅ፣ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ከሐይቁ በኩል ተነስተው ከጣሪያችን በላይ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይዞራሉ። ልጅቷን በመጨረሻው ረድፍ አግዳሚ ጫፍ ላይ አስቀምጬ እኔ ከኋላ ቆምኩ። ርዕሰ መምህሯ «የዛሬው እንግዳችን ስለ ጽናት ይናገሩልናል» ስትል ሰማሁ። ጭብጨባ ተሰማ። ዘወር ብል ልጅቷ ተኝታለች።

እንዴት ያለ እንቅልፍ! ራሷ በትከሻዋ ላይ ወድቋል። የቀኝ እጇ ጣቶች ጭኗ ላይ ታጥፈዋል፣ የጀሪካን እጀታ የያዙ ይመስላሉ። ክፍል ውስጥ የተኛ ተማሪ ሳይ ጠመኔ መወርወር ልማዴ ነው። በዚህ ጥበብ የታወቅሁ ነኝ፤ ከአራተኛው ረድፍ ጆሮ አልስትም። በዚያን ቀንም እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኪሴ ገባ። ያገኘው ግን ደብዳቤውን ነው።

ፀሐይዋ ድንገት ጭጋጉን ቀዳ ወጣች፤ የግንቦት ፀሐይ ታውቋታላችሁ፣ አትምርም። ልክ ፊቷ ላይ አረፈች። ልጅቷ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ያየሁት ካደረግሁት በኋላ ነው፤ የአርፋጆችን መዝገብ ከፍቼ ከፊቷ በላይ ዘርግቼዋለሁ። ትልቅ መዝገብ ነው፣ ጥሩ ጥላ ይወጣዋል። ግንባሯ ተፈታ።

እንዲያ ሆኜ ቆምኩ። ክንዴ ሲዝል በሌላው እይዘዋለሁ፤ ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል አብሬ ፈቀቅ እላለሁ። የሚያየኝ ሰው በጥላው ሰዓት የሚለካበት የቆመ እንጨት ነው ቢል አይፈረድበትም። እንግዳው ተናግሮ ጨረሰ። አንደኞች፣ ሁለተኞችና ሦስተኞች እየተጠሩ ለሽልማት መዝገበ ቃላት ተቀበሉ። ሁሉም ያጨበጭባል፤ እኔ እጄ አይመቸኝም። እንቅልፍ ይዞኝ ይሁን ድካም አላውቅም፣ ግቢው ከነወላጆቹ፣ ከነዛፎቹ፣ ከነአባ ኮዳዎቹ ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ የሚንሸራተት ይመስለኝ ነበር። እዚያ መሐል የማይነቃነቅ የእሷ እንቅልፍ ብቻ ነው። እንዳትነቃ ብቻ እያልኩ እጸልይ ነበር። ስንት ዓመት ተማሪ ስቀሰቅስ የኖርኩት እኔ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሯ ከእንግዳው ጋር ወደ እኛ መጣች። ክንዴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ያ የስረዛ ደብዳቤ የታለ?»

መዝገቡን አወረድኩና ገጹን አሳየኋት። «ወላጅ ቀርቧል። ፈርሟል።»

«ወንድሟ አይደሉም እኮ!»

«እሱን እኔ አላውቅም። ነኝ ብለዋል።»

«ፊርማው የእኔ ነው» አለ እንግዳው። «ኃላፊነቱን ወስጃለሁ። የሚቀረውን አንድ ወር የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢያመልጣት፣ ሒሳቡን ቅዳሜ እኔ አስጠናታለሁ። ወንድም አይደለሁ?»

ርዕሰ መምህሯ ተኝታ ያለችውን ልጅ አየቻት። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ ለአራት ቀደደችው። «እስከ ፈተናው ድረስ በሩን ክፈቱላት» አለች። «ወረቀት መልቀሙም ይቅር።»

ልጅቷ የነቃችው ወንበር ሲጎተት ነው። ዘላ ተነሳች። መጀመሪያ የጠየቀችው «ደብዳቤውስ?» ብላ ነው።

«ተቀዷል።»

ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር መጻፍ አልችልም፤ ብችልም አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ዓይኗን በእጀታዋ አበሰችና አፍራ ዙሪያዋን አየች። «ተኛሁ? እንግዳው ሲናገር ተኛሁ?»

«ትንሽ አሸለብሽ።»

«ስለ ጽናት ነው የሚናገሩት ብለው ነበር። ልሰማ ፈልጌ ነበር እኮ፣ ቲቸር። ምን አሉ?»

አንድ ቃል አልሰማሁም። «ብዙ ነገር ነው ያለው» አልኳት። «ተረጋግቼ እነግርሻለሁ።»

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ለቀረኝ ጊዜ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ «ከየት?» የሚል። ማን ከየት፣ ምን አድርሶ፣ ማንን አስታምሞ እንደመጣ እየጠየቅሁ፣ መልሱን ሰምቼ ስጨርስ እጽፍ ጀመር። ርዕሰ መምህሯ በዓመቱ መጨረሻ ከዚያ መስመር ላይ አምስት ስም መርጣ ከአንደኞቹ ጎን አቁማ ሸለመች። ልጅቷ አንዷ ነበረች። ፈተናውን መጀመሪያ አላለፈችም፤ ዓመት ጠብቃ ደግማ ተቀመጠችና አለፈች። ወንድሟ ሁለቱንም ዓመት ቅዳሜውን አልዘለለም። አሁን እዚሁ ከተማ ትማራለች፤ ወተቱንም አልተወችም።

እኔም ማኪያቶውን አልተውኩም። ወንበሬን ግን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አዙሬዋለሁ። ጀሪካኗን አውርዳ፣ ወተቱ እስኪፈላ በመስኮቱ ብቅ ትልና ያ ንግግር ምን ይል እንደነበር ትጠይቀኛለች። አንዴ ጨንቆኝ ራሱን እንግዳውን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። አዘጋጅቶት የመጣውን ሁለት ገጽ ይዞ ቆሞ ቀና ሲል አንድ ሽማግሌ የተከፈተ መዝገብ በሰው ላይ ዘርግቶ ቆሞ አየ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እሱም አያስታውሰውም፤ ወረቀቱም ጠፍቷል። የተሰበሰቡትን ወላጆችም ባገኘሁበት ጠይቄያለሁ፤ ጥሩ ነበር ይላሉ፣ ምን እንደነበር ግን የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ሌሊት ከራሴ ልፈጥርላት እሞክራለሁ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ባለፈው ማክሰኞም ብቅ አለች።

«ቲቸር፣ ንግግሩስ?»

«ሳምንት» አልኳት።